እህቱ የሳበችው እጀታ

ቤተሰቡ «ፖሊሱ» ይለዋል እንጂ ፖሊስ ሆኖ አያውቅም፤ የሴራሚክና የሲሚንቶ ነጋዴ ነው። ስሙ የወጣለት ገና በልጅነቱ፣ ስኳር በጎደለ ቁጥር የታናሽ እህቱን አፍ እያስከፈተ ስለሚያሸት ነው። ጎልማሳ ሆኖም አመሉ አልለቀቀውም። ደንበኛ «ነገ መጥቼ እወስዳለሁ» ካለው ለምን ዛሬ እንዳልሆነ ሲያሰላስል ያመሻል፤ የማያውቀው ሰው ፈገግ ካለለት ኪሱን ይዳብሳል። ሚስቱ እንኳ «አንተ እኮ ጥላህ ሲከተልህ ምን ፈልጎ ነው ትላለህ» እያለች ትስቅበታለች።

እህቱ ደግሞ «ፌንጣ» ናት። ከአጥር፣ ከዛፍ፣ ከቆመ መኪና ጣሪያ ላይ እየዘለለች አደገችና በመጨረሻ የአባቷን ባለ አራት መቀመጫ አውሮፕላን ማብረር ጀመረች። አባትየው የእርሻ ባለቤቶችንና ሐኪሞችን ወደ ሩቅ ቦታ ሲያመላልሱ የኖሩ አብራሪ ነበሩ። ልጆቹ ትንንሽ ሳሉ ሁለቱንም አንድ ቀን ይዘዋቸው ወጡ። ወንዱ አባቱ ጉልበት ላይ አስመለሰ፤ ሴቷ «ድገመኝ» ብላ አለቀሰች። ከዚያ ወዲያ የሚወጡት አባትና ሴት ልጅ ብቻ ሆኑ። ታላቅየው ይህን አንስቶ ተናግሮ አያውቅም፤ ግን እንደ እሾህ ውስጡ ተሰክቶ ቀረ።

አባት ሲሞቱ አውሮፕላኗ ለሁለቱ እኩል ደረሰች። ጣጣውም ከዚያ ጀመረ።

«ትሸጥ» አለ እሱ።

«እኔ ቆሜ እያለሁማ አትሸጣትም» አለች እሷ።

እሱ የዋዛ አይደለም፤ ከሱቁ ጠንካራውን ቁልፍ አምጥቶ አውሮፕላኗ የምታድርበትን ሃንጋር ከረቸመው። ክረምቱ ገብቶ እስኪወጣ አውሮፕላኗ ጨለማ ውስጥ ቆመች። እህቱ ደጋግማ «ወንድም ጋሼ፣ የቆመ ሞተር ይታመማል፤ እባክህ አንዳንዴ እንኳ ላስነሳት» ብላ ለመነችው። እሱ ግን ይህን የሰማው በራሱ ጆሮ ነው። አንዴ ከተነሳች ማን ይይዛታል ብሎ ጭራሽ ቁልፉን አንገቱ ላይ አንጠለጠለው።

በመጨረሻ እናታቸው ሁለቱንም አስቀምጠው ፈረዱ። «ገዢ አምጣ። እሷ አንድ ጊዜ ታብርለት። ከወደደ ይውሰድ፣ አንቺም ዝም ትያለሽ። ካልወደደ ደግሞ አውሮፕላኗ የእሷ ትሁን፣ አንተም ዝም ትላለህ። እኔ በሁለታችሁ መሀል ተቃጥዬ ልሙት እንዴ?»

ፌንጣ ቶሎ እሺ አለች። ታላቅየውን ያስጨነቀው ይህ ቶሎ ማለቷ ነው።

ገዢው የታወቀ ባለ እርሻ ነበር፤ ሆደ ሰፊ፣ ሳቁ ከግቢ ውጪ የሚሰማ ሰው። በተቀጠሩበት ማለዳ ታላቅየው ከሁሉ ቀድሞ ደረሰና ቁልፉን ከፈተ። ከዚያ ወዲያ ዓይኑን ከእህቱ ላይ አልነቀለም። አውሮፕላኗን ዞራ አየቻት፤ ክንፉን ዳበሰች፤ ከታንኩ ሥር ነዳጅ በብርጭቆ ቀድታ ወደ ፀሐይ አንስታ ተመለከተች። ሞተሩን አስነስታ አዳመጠች፣ አጠፋችው። በመጨረሻ ከሜዳው መካኒክ ጋር ጅራቷ ጀርባ ቆመው ሲንሾካሾኩ አየና ጠጋ አለ። ሁለቱም ዝም አሉ። መካኒኩ እጁን በጨርቅ መጥረግ ጀመረ።

«ምን ነበር?» አለ ታላቅየው።

«ምንም» አለች እህቱ። «ዛሬ መሄዳችን ነው።»

«እኔም አብሬ ነው የምሄደው።»

እህቱ ቅንድቧን አነሳች። «አንተ? ትዝ ይልሃል መጨረሻ የወጣህ ቀን?»

«ትዝ ይለኛል» አለ ፊቱን አጥቁሮ፣ ከኋላ ገብቶም ተቀመጠ። ባለ እርሻው ከፊት ከአብራሪዋ ጎን ሆነ።

መነሳቱ ሰላም ነበር። ከተማዋ ከሥራቸው አነሰች፤ ጣሪያዎቹ የተበተነ ቆርቆሮ መሰሉ። ባለ እርሻው መሬቱን ከላይ ሲያይ እንደ ልጅ አጨበጨበ። «ያቺ እኮ የእኔ ናት! ያ ኩሬም የእኔ ነው! አንቺ ልጅ፣ ወዲያ ዙሪልኝማ!» ፌንጣም እየሳቀች ዞረችለት። ሰውየው እንደወደደ ከአንገቱ ጀርባ ሳይቀር ይታወቅ ነበር። ታላቅየው አልተመቸውም። ጉዳዩ እንዲህ በቀላሉ ሊያልቅ? እህቱ አውሮፕላኗን እየሳቀች ልታስረክብ? ዓይኑን ከእጇ ላይ አላነሳም።

ሊመለሱ ዞረው ጥቂት እንደሄዱ ፌንጣ ስለ ነፋሱ የጀመረችውን ወሬ መሀል ላይ አቋረጠች። አንገቷን ወደ አንድ ጎን ዘንበል አደረገች። ከዚያ ቀኝ እጇ ወርዶ ከመሪው በታች ከተደረደሩት እጀታዎች አንዱን ሳበ። ታላቅየው በዓይኑ አየ። ሳበችው።

ወዲያው ሞተሩ አሳለ። አውሮፕላኗ እንደታመመ ሰው ተንቀጠቀጠች፤ አንድ ጊዜ አገገመች፣ ደግማ አሳለችና ጸጥ አለች። ከፊት ያለው ፕሮፔለር በነፋስ ብቻ ይሽከረከር ጀመር። የቀረው የንፋስ ፉጨትና የባለ እርሻው ትንፋሽ ነበር።

ሌላ ሰው ቢሆን መጀመሪያ የሚያስበው ስለ ሞቱ ነው። ታላቅየው መጀመሪያ ያሰበው «አደረገችው!» ብሎ ነው።

«ምን ነካሽ አንቺ? ምንድን ነው የሳብሽው?»

«ቀበቶህን አጥብቅ።»

«የሳብሽው ምንድን ነው እያልኩሽ ነው!»

«ወንድም ጋሼ፣ ዝም በል!» ድምፅዋ የአባታቸው ሆኖ ወጣ። እሱም ቀበቶውን አጠበቀ።

እጇ ከአንዱ ወደ አንዱ ይሮጣል፤ ይጫናል፣ ያዞራል፣ ይገፋል። ሞተሩ አንድ ጊዜ ጉርር ብሎ ተስፋ ሰጣቸውና መልሶ ጠፋ። በሬዲዮ የት እንዳሉና ስንት ሰው እንደያዘች በአጭሩ ተናገረች። ከዚያ የአውሮፕላኗን አፍንጫ ወደታች አድርጋ፣ በቆሎ ታጭዶ የአገዳው ጉቶ ብቻ የቀረበት ሰፊ ማሳ ላይ ዓይኗን ተከለች።

«መነጽርዎን ያውልቁ» አለችው ባለ እርሻውን። «በሩን ገርበብ ያድርጉት፣ ሲጣመም እንዳይዘጋብን። ኮትዎን ፊትዎ ላይ ያድርጉ። እኔ ውጡ ስል ወደ ኋላ ሳያዩ ይሮጣሉ።»

«እሺ የኔ ልጅ» አለ ሰውየው፤ ሳቁ የት እንደገባ እንጃ።

የመብራት ሽቦ ከማሳው ፊት ለፊት ብቅ አለ። ከላይ አይታይም ነበር። ታላቅየው እግሩን እንደ መኪና ፍሬን ወለሉ ላይ ተጫነ። አውሮፕላኗ ለአፍታ ቀና አለች፤ ሽቦው ከጎማው ሥር ሾልኮ አለፈ፤ ከዚያ መሬት ከታች መጥታ መታቻቸው። ነጠሩ። እንደገና ወረዱ። የአገዳው ጉቶ ሆዷን እየቀጠቀጠ ሲሄዱ ሲሄዱ፣ የፊት ጎማዋ ቦይ ውስጥ ገብቶ ተሰበረና ጅራቷን ወደ ላይ ሰቅላ ቆመች።

«ውጡ! ነዳጅ አለ፣ ውጡ!»

ወጡ። ባለ እርሻው የእጁ አንጓ ተሰብሯል፤ ታላቅየው ግንባሩ ይደማል። ፌንጣ ምንም አልሆነችም፤ ብቻ መሬት ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። የማሳው ሠራተኞች ከሩቅ ሲሮጡ ይታያሉ። ባለ እርሻው በደህናው እጁ ጭንቅላቷን ዳበሳት። «አንቺ ልጅ፣ እናትሽ ትባረክ» አላት።

ታላቅየው ግን የሚጨስ ነገር አለመኖሩን እንዳየ ወደ አውሮፕላኗ ተመለሰ። በተቀመጠበት ሆኖ ሲያስበው የነበረ ነገር ነው። አንገቱን አስገብቶ ሲያይ ቀዩ እጀታ ወጥቷል። ነዳጅ የሚቆርጠው ቀዩ እንደሆነ ደግሞ ያውቃል። ተንጠላጥሎ ክንፉ ላይ ወጣና የታንኩን ክዳን ከፈተ። ክዳኑ መጀመሪያ እንቢ አለው፤ ሲላቀቅ ፍሽሽ ብሎ ጮኸ። ውስጡ ነዳጅ ሞልቶ ይላወሳል። ጥርጣሬው ሥጋ ለበሰ። ነዳጅ አለ፤ ሞተሩም ያለ ሰው እጅ አይቆምም።

«ምን እያደረግክ ነው?» አለች እህቱ ከታች።

«እያየሁ።»

«ምኑን?»

«ነዳጅ መኖሩን።»

ረጅም ጊዜ አየችው። ዓይኗ ውስጥ ጸጸት ወይም ድንጋጤ ይፈልግ ነበር፤ ያገኘው ግን የራሱን ዓይነት አስተያየት ነው። «የሃንጋሩ ቁልፍ እኮ ያንተ አንገት ላይ ነው የከረመው» አለችው ቀስ ብላ። «ሌላ ማንም አልገባም።»

ሐኪም ቤት ባለ እርሻው እጁን በጄሶ አሳስሮ ሲወጣ ኮሪደሩ ላይ ተገናኙ። «እህትህ ባትኖር አልቀን ነበር» አለው።

«ያተረፈችንን አየን» አለ ታላቅየው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የጣለንስ ማነው?»

ሰውየው ፊቱ ተለወጠ። «ምን ማለትህ ነው?»

«እርስዎ ባይወዷት አውሮፕላኗ የእሷ ትሆናለች። ስምምነታችን እንደዚያ ነው። እኔ ሌላ አላልኩም።»

ባለ እርሻው ዓይኑን ወደ ጄሶው ጣለ። የጥርጣሬ ዘር መሬት ላይ ወደቀ ማለት ይህ ነው። ታላቅየው በዚያው ለእናቱ ደወለ፤ ፌንጣ ሳትቀድመው። «እማዬ፣ ደህና ነኝ። ልጅሽ ግን ልትጨርሰን ነበር» አላቸው። እናትየው «እሷስ ደህና ናት?» ብለው ብቻ ጠየቁ።

በማግሥቱ መካኒኩን ያዘው። «ጅራቷ ሥር ምን ስትባባሉ ነበር?»

«አደጋውን ለያዘችው የአቪዬሽን መርማሪ ነው የምነግራት» አለ መካኒኩ፣ ዓይኑን እየሸሸ።

«ለምን ለእኔ አትነግረኝም?»

«አንተ ሰምተህ የምታምን ሰው ሆነህ ነው?»

ይህም ለታላቅየው ማስረጃ ሆነ። የሚደብቀው ያለው ሰው ነው እንዲህ የሚመልሰው። ሱቁ ገብቶ ደንበኞች ሴራሚክ ሲያማርጡ እሱ በልቡ ክሱን ይሰድር ጀመር፤ ሹክሹክታው፣ ቶሎ እሺ ማለቷ፣ የሳበችው እጀታ፣ የሞላው ታንክ። አንዱ ከአንዱ እንደ ንጣፍ ልክክ ብሎ ገጠመለት።

የአቪዬሽን መርማሪዋ ቢሮ ጠባብ ናት፤ ግማሿን የያዙት እንደ የተሰነጠቀ ፕሮፔለርና የተቃጠለ የሞተር ካንዴላ ያሉ የድሮ አደጋ ቅሪቶች ናቸው። ሴትዮዋ በዕድሜ ገፋ ያሉ፣ ጉንፋን የያዛቸው፣ በየመሀሉ መሀረብ የሚፈልጉ ሰው ናቸው። ታላቅየው የሰደረውን ሁሉ ዘረገፈላቸው። እሳቸው ሳያቋርጡ ሰሙትና የአውሮፕላኗን የፊት ሰሌዳ ፎቶግራፍ ፊቱ አደረጉ።

«የሳበችው የቱን ነው?»

«ቀዩን።»

«ቀዩን አይተዋል?»

ታላቅየው ፎቶውን አየ። ከቀዩ አጠገብ ሌላ እጀታ አለ፤ ከኋላ ወንበር ሲታይ በእሷ ክንድ የሚጋረድ። «ቀይ... መሰለኝ» አለ።

«መሰለኝ ብዬ ልመዝግበው?»

«ግን ስንወርድ ቀዩ ወጥቶ አግኝቼዋለሁ!»

«ማረፊያ የሌለበት ሜዳ ላይ ሊወርድ ያለ አብራሪ፣ እሳት እንዳይነሳ ቀዩን መሳብ ግዴታው ነው። ባትስበው ነበር የምጠይቃት» አሉና አነጠሱ። «ይህኛው ደግሞ ወደ ሞተሩ ሞቃት አየር የሚያስገባው ነው። ሞተር ሲደክም መጀመሪያ የሚሳበው እሱ ነው። እህትዎ ሞተሩ ሲደክም እርስዎ ከመስማትዎ በፊት ተሰማኝ ብላለች። እውነት ይሁን ውሸት እጀታው አይነግረኝም። ሌላ ያዩት ነገር አለ?»

ታላቅየው የመጨረሻውን መዘዘ። «ነዳጁ ሙሉ ነበር። በገዛ እጄ ከፍቼ አይቻለሁ። ክዳኑ እንቢ ብሎኝ፣ ታግዬ ስከፍተው ፍሽሽ አለና...»

መርማሪዋ መሀረቡን ከአፍንጫቸው ላይ አነሱ። «ምን አለ አሉኝ?»

«ፍሽሽ።»

«አየሩ ወደ ውጪ ወጣ ወይስ ወደ ውስጥ ገባ?»

«ወደ... ወደ ውስጥ። ክዳኑን መልሶ የሚስብብኝ ነው የመሰለኝ።»

ሴትዮዋ ተነሱና ኮታቸውን ያዙ። «ይነሱ እንሂድ።»

አውሮፕላኗ በጭነት መኪና መጥታ፣ ክንፎቿ ተነቅለው ሃንጋሩ ወለል ላይ ተጋድመዋል። መካኒኩ እዚያው ነበር፤ ፌንጣም ጥግ ላይ ሣጥን ላይ ተቀምጣለች። ወንድሟ ሲገባ ቀና አላለችም። መርማሪዋ ከግራው ክንፍ ሥር ያለችውን ቀጭን ቱቦ በጣታቸው አሳዩ። «ሁለቱም ታንኮች የሚተነፍሱት በዚች ነው። ነዳጁ ሲቀንስ አየር በዚህ ገብቶ ቦታውን ይተካል። አየር ካልገባ ነዳጁም አይወርድም፤ ጠርሙስ በአፍ ተክሎ እንደ መጥባት ነው፣ መጨረሻ ላይ እንቢ ይላል።»

መካኒኩ የጎማ ቱቦ አጥልቆ ነፋ። ጉንጩ አበጠ፣ ፊቱ ቀላ፤ ምንም አላለፈም። ቀጭን ሽቦ ከተተና ቀስ ብሎ ቆረቆረ። መጀመሪያ የደረቀ አፈር እንደ ዱቄት ፈሰሰ፤ ቀጥሎ የጠጠረ የጭቃ እንክብል ወደቀ። መርማሪዋ በጥፍራቸው ሰነጠቁት። ውስጡ የደረቁ ሸረሪቶችና የአንዲት ትል ቅርፊት ነበሩበት።

«ተርብ» አሉ። «ጸጥ ያለ ቀዳዳ ሲያገኙ ጎጆ ይሠራሉ። ወደ ውስጥ ጠልቆ ነው የተሠራው፤ ከአፉ ላይ ሲታይ ንጹሕ ነው።» ወደ ታላቅየው ዞሩ። «ሞተሯን ለመሞከር ለጥቂት ጊዜ ብታስነሳው አይታወቅም፤ ታንኩ ውስጥ ያለው አየር እስኪያልቅ ይሠራል። ሳትበር የቆየችው ስንት ጊዜ ነው?»

«ክረምቱን ሙሉ።»

«ለምን?»

«እኔ ቆልፌባት» አለ ታላቅየው።

ያን ጊዜ መካኒኩ አፉን ከፈተ። «ጅራቷ ሥር ያወራነውን መስማት ትፈልግ ነበር አይደል? ብዙ ስለቆመች ሁለት ቀን እናቆይና በደንብ እንፈትሻት፣ ብቻሽን ሜዳው ላይ ዞርዞር አድርጊያት ብያት ነበር። ምን አለችኝ መሰለህ? ‹ዛሬ ካልሄድኩ ወንድሜ ሆን ብዬ ያጓተትኩ ይመስለዋል፤ የባሰ ይጠረጥረኛል› አለችኝ።»

ታላቅየው መሬት ላይ የፈሰሰውን ጭቃ ሲያይ ቆየ። እህቱ ከሣጥኑ ላይ ተነስታ በአጠገቡ አልፋ ወጣች።

በዚያው ቀን ወደ ባለ እርሻው ሄደ። የተናገረውን ሁሉ አንድ በአንድ ሻረ። ሰውየው ጄሶውን እያከከ ሰማው። «ጥሩ አድርገሃል መምጣትህ» አለው። «ግን አንድ ነገር ልንገርህ። ማሳው ላይ ቁጭ ብዬ አውሮፕላኗን ገዝቼ እህትህን አብራሪ አድርጌ ልቀጥራት ወስኜ ነበር። ሐኪም ቤት ያልከኝ ነገር ግን ገባብኝ። አሁን ውሸት መሆኑን አውቃለሁ፤ ሳስበው ግን ያ ድምፅህ ይመጣብኛል። ከጆሮ የገባ በጆሮ አይወጣም ወንድሜ። አልገዛም።»

አመሻሹ ላይ እናቱ ቤት ሲደርስ ፌንጣ ሶፋው ላይ ተጠቅልላ ተኝታለች፤ ወይ የተኛች መስላለች። ታላቅየው በሩ ላይ እንደቆመ «እማዬ፣ በስልክ ያልኩሽ ሐሰት ነው» አላቸው። «ሞተሩን ያጠፋሁት እኔው ነኝ። ቆልፌ ያቆየኋት እኔ፣ ተርብ ጎጆ የሠራባት በእኔ ነው። እሷ ናት ያወረደችን።»

እናትየው ልብስ መተኮሳቸውን አላቆሙም። «ለእኔ ምን ትነግረኛለህ? የደወልክ ዕለት አላመንኩህም። ለእሷ ንገራት።»

«ሰምቻለሁ» አለ ከሶፋው በኩል የመጣ ድምፅ። ፌንጣ ፊቷን ሳትገልጥ ነው የምትናገረው። «እኔም ለመርማሪዋ ቁልፉ አንተ ጋ እንደነበር ነግሬያታለሁ። ማሳው ላይ ስታየኝ፣ ይሄ ሰው አንድ ነገር አድርጎባት ይሆን ብዬ አስቤ ነበር። ወንድሜን! እንደዛ አድርገህ አስተማርከኝ።»

የተመታበት ቦታ ይህ ነበር። ማሳው ላይ ግንባሩ ሲደማ እንኳ እንደዚህ አላመመውም።

በስምምነቱ መሠረት አውሮፕላኗ የእህቱ ሆነች። ጥገናው ብዙ ጊዜ ወሰደ። ታላቅየው ሳይጠየቅ በየጊዜው እየመጣ ከመካኒኩ ጋር ክንፍ ይይዛል፣ ብሎን ያቀብላል። ፌንጣ ታነጋግረዋለች፤ ግን እንደ ሥራ ባልደረባ፣ በልክ በልኩ። አንድ ቀን ድፍረት አግኝቶ «ስትነሺ ይዘሽኝ ትወጫለሽ?» አላት።

«አይ» አለችው፣ ሳትቆጣ። «ከኋላዬ ተቀምጦ እጄን የሚጠብቅ ሰው ይዤ አልነሳም። ገና ነህ።»

የተጠገነችው አውሮፕላን መጀመሪያ ይዛ የወጣችው እናታቸውን ነው። እናትየው ባላቸው አብራሪ ሆነው ሲኖሩ አንድ ቀን እንኳ ወጥተው አያውቁም ነበር፤ ያን ዕለት ግን «ዛሬ ካልወጣሁ ሁለታችሁም ጥሩ አትሆኑም» ብለው ድርቅ አሉ። ታላቅየው ማኮብኮቢያው ዳር ከመካኒኩ ጋር ቆመ። አውሮፕላኗ ስትነሳ አንጋጦ ተከተላት። ሕይወቱን ሙሉ ሰው ምን አስቦ ይሆን እያለ ሲፈራ ኖሯል፤ እንዲህ ግን ፈርቶ አያውቅም። ከላይ ያሉት ሁለቱ እንዳይወድቁበት ብቻ ነበር የሚፈራው፣ ሌላ ምንም ሐሳብ አልነበረውም።

ዞረው ተመለሱ። ጎማዎቹ መሬት ነኩ። እናትየው በመካኒኩ ተደግፈው ወረዱና ደረታቸውን ያዙ። «ሆዴን እዚያው ላይ ጥዬው መጣሁ! አባታችሁ ይህን ሁሉ ዓመት ወደሌላ ሴት ነበር የሚሄደው ብዬ ነበር፤ ለካ ልቡን የወሰደው ይሄ ነው» አሉ። መካኒኩ እስኪያነባ ሳቀ።

ፌንጣ የራስ ማዳመጫዋን አውልቃ ሞተሩን ፈተሸች፣ አውሮፕላኗንም ወደ ሃንጋሩ ልትመልስ ዞረች። ወንድሟ በቆመበት እንደቆመ ነው። አልፋው ጥቂት ሄደችና ቆም አለች።

«ወንድም ጋሼ፣ ምን ትገተራለህ? ና፣ በዚያ በኩል ያዝና እንግፋት።»

ሮጦ ሄደ።